ሰባተኛው ገመድ

አማቴ ኤፊ የገዛ ቀብራቸውን ማሰናዳት የጀመሩት ማክሰኞ ዕለት ከምሳ በኋላ ነው። ሐኪሙ ልባቸው እየደከመ እንደሆነ ከነገራቸው ገና ሳምንት አልሞላም። ባለቤቴ ሮና ጀርባዋን ሰጥታን ሳህን እያጠበች ታለቅሳለች፤ እሳቸው ግን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰክተው፣ አንድ አሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ደርድረው ስም ይሞላሉ። ላያቸው ሰው የሚገዛ ዕቃ የሚዘረዝሩ ነበር የሚመስሉት።

ቁጥሩ የገመድ ነው። እኛ ዘንድ የሬሳ ሣጥን ወደ ጉድጓዱ የሚያወርዱት የሟች የራሱ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ገመድ ቁጥር አለው፤ የሚይዘውም ሰው አስቀድሞ ስሙና ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ ይደርሰዋል። አንደኛው በራስጌ በኩል ስለሆነ ለቅርብ የሥጋ ዘመድ ይሰጣል። በዚሁ በገመድ ቁጥር ተኳርፈው እስከ ዛሬ ሰላምታ የማይለዋወጡ ወንድማማቾች እዚሁ ፖርትሌኒ ከተማችን ውስጥ አሉ፤ ስማቸውን ባልጠራ ይሻላል።

«አንደኛ ሮና» አሉ ኤፊ። «ሁለተኛ አንተ።»

«እኔ ሁለተኛ?»

«ደስ አይበልህ አርቺ። ሰው ጠፍቶ ነው።»

እስከ ስድስት ድረስ በልጅ ልጆቻቸው ሞሉት። ስምንተኛውን ለቄሱ ሚስት ሰጡ፤ ዛሬ ሴቶችም ገመድ ይይዛሉ። ሰባተኛው ላይ እስክሪብቷቸው ትንሽ ቆመና «ዶድ ስሌተር ይሁን» አሉ። «ስድሳ ዓመት ፊት ለፊት ኖረናል። ይያዝልኝ።»

«እማዬ፣ ዶድ እኮ ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነው!» አለች ሮና።

«ገመድ ያዝ አልኩት እንጂ መርከብ ጎትት አልኩት?»

ሮና እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ኤፊ ፖስታውን አጥፈው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ወደቡ እያዩ ዝግ ባለ ድምፅ «እንግዲህ ስምንታችሁም ገመድ ይዛችኋል» አሉ። «ወዴት እንደምታወርዱኝ ግን አላውቅም።»

ሮና ወደ ሳህኖቿ ዞረች። ባላቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩና ስሞት አቃጥላችሁ አመዴን ባሕር ላይ በትኑልኝ ብለው ተናዘዙ፤ ተበተነ። ኤፊ ባሕርን አይወዱትም። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናታቸው የት እንደተቀበሩ አውቀው እዚያው አጠገባቸው መተኛት።

እናታቸው ኢስቤል ካዊ የሞቱት በዓለም ጦርነቱ መሐል በ1943 ነው፤ ያኔ ኤፊ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን እዚህ አገር ሴት እስከ መቃብር አትሄድም። ወንዶቹ ሬሳውን ይሸኛሉ፤ ሴቶቹ ቤት ቀርተው ዳቦ ይቆርጣሉ፣ ቅቤ ይቀባሉ፣ የሻይ ውኃ ይጥዳሉ። ትንሿ ኤፊ ወንበር ላይ ወጥተው በመስኮት ሲያዩ ጥቁር የለበሱት ወንዶች በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ታጠፉ፤ ያዩት ይኼንኑ ብቻ ነው። በስድስተኛው ወር አባትየውም የባሕር ፈንጂ በሚጠርግ መርከብ ላይ እንዳሉ ቀሩና ልጅቱን አክስቷ ወደ ዳንዲ ከተማ ወሰደቻት።

በሃያ አራት ዓመታቸው ተድረው ወደ ፖርትሌኒ ሲመለሱ ያልጠየቁት ሴት የለም። የዳቦ ቤቷን፣ አዋላጇን፣ የመንገዱን አሮጊቶች በሙሉ ጠየቁ። ሁሉም የዚያን ቀን ስንት ዳቦ እንደተቆረጠ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን የማን ኮፍያ ተውሶ እንደመጣ ጥንቅቅ አድርገው ያስታውሳሉ። መቃብሩ የት ነው ሲባል ግን አንዷም አታውቅም። አልሄዱማ።

በመጨረሻ ነገሩ እኔ ጋ መጣ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የፖርትሌኒ መካነ መቃብር ጠባቂ ነበርኩ። ትንሽ ከተማ ስለሆነ መዝገቡንም እይዛለሁ፣ ሣሩንም አጭዳለሁ። ጠባዬ ጥሩ ነው አልልም። በየበጋው ከባሕር ማዶ የሚመጡ፣ ትናንት የተገዛ የአገራችንን የወንድ ባህል ቀሚስ ወገባቸው ላይ አስረው «ቅድመ አያቴ የጎሣ አለቃ ነበር» የሚሉኝን ሰዎች መታገሥ አልችልም ነበር። የሁሉም ቅድመ አያት አለቃ ከነበረ ዓሣውን ማን ያጠምድ ነበር?

ለኤፊ ግን አዲስ አማች ነበርኩና ደፋ ቀና አልኩ። ኤዲንብራ ድረስ ሄጄ የእናታቸውን የሞት መዝገብ አስወጣሁ። የሳንባ ምች ይላል፤ ሰዓቱ፣ ቤቱ፣ የሐኪሙ ስም ሁሉ አለ። የተቀበሩበት ቦታ ግን የለም፤ የአገራችን የሞት ወረቀት ይኼን አይጽፍም። ጋዜጣውን አገላበጥኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ደብተሮች አነበብኩ። የመቃብር ድንጋዮቹን አንድ በአንድ፣ የበቀለባቸውን የድንጋይ ሽበት በብሩሽ እየፋቅኩ አየሁ። እኛ ጋ ያገባች ሴት ድንጋይዋ ላይ የምትጻፈው በአባቷ ስም ስለሆነ ካዊም ብዬ ፈለግኩ፣ በባላቸው ስም ሜርም ብዬ ፈለግኩ። የጦርነቱ ዘመን የቀብር ደብተር ምድር ቤት ውኃ ገብቶበት በስብሷል፤ የተረፈው በቦታው ባለቤት ስም የሚጻፈው ትልቁ መዝገብ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ቦታ ያለው ካዊም የለም፣ ሜርም የለም።

እናም አፌን ሞልቼ «እዚህ አልተቀበሩም፤ መዝገብ አይዋሽም» አልኳቸው። ኤፊ «እሺ» አሉ፤ ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግን በየሚያዝያው አንድ ነገር ያደርጋሉ። ከመቃብሩ በስተሰሜን ባለው ግንብ ሥር የራሳቸው ቦታ የሌላቸው ሰዎች ያለ ድንጋይ የተቀበሩበት ቀጭን መሬት አለ። ኤፊ ከጓሯቸው አንድ እቅፍ ቢጫ የጸደይ አበባ ቆርጠው ይመጡና ከግንቡ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ በየሦስት እርምጃው አንድ አንድ አበባ ያስቀምጣሉ። «አንዱ ይደርሳታል» ይላሉ። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ጎንበስ ቀና ማለታቸው አንጀቴን ሲበላኝ ኖሯል።

ረቡዕ ጠዋት ዶድን ለመጠየቅ ወጣሁ። ዶድ አሁን ያሉት ኮረብታው ላይ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ነው። አላገቡም፣ አልወለዱም፤ አንድ ነገር ጠይቀዋቸው መልሱ እስኪመጣ ሻይ ጠጥቶ መጨረስ ይቻላል። ወደቡን የሚያይ መስኮት ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ኤፊ የገመድ ስም እያወጡ ነው» አልኳቸው።

«ታማለች እንዴ?»

«ልባቸው ደክሟል። ሰባተኛውን እርስዎ እንዲይዙላቸው ይፈልጋሉ። ጉልበትዎ እምቢ ካለ ይገባቸዋል።»

እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። ሻዬን አጋመስኩ።

«ይዤ አውቃለሁ» አሉ። «ለእናቷም ሰባተኛውን ነው የያዝኩት።»

ሲኒውን አስቀመጥኩት። «ለማን አሉኝ?»

«ለእናቷ፣ ለኢስቤል። ወንዱ ሁሉ ዘምቶ ስምንት ሰው መሙላት አቃተ። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የአባቴን ኮት አልብሰው አቆሙኝ፤ እጅጌው እስከዚህ ነበር» ብለው የጣታቸውን ጫፍ አሳዩኝ።

«ታዲያ የት ነው የተቀበሩት?»

ዶድ ዓይናቸውን ከወደቡ ነቅለው፣ ይኼን እንዴት አላወቅክም በሚል ሐዘኔታ አዩኝ። «እኛ ቦታ ነዋ። ከእናቴ ጋር።»

ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው ሙሉ ተናግረው የማያውቁትን ያህል ተናገሩ። እናታቸው ጄስና ኢስቤል ልጃገረድ ሳሉ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ሆዱን እየቀደዱ ያጸዱ ነበር። ሥራው ሦስት ሦስት እየሆኑ ነው፤ ሁለቱ በቢላዋ ሆዱን ይቀድዳሉ፣ አንዷ በርሜል ውስጥ በጨው ትደረድራለች። ጄስና ኢስቤል ስምንት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ቆመው ሠርተዋል፤ የዓሣውን መንጋ ተከትለው ከወደብ ወደብ ሲዞሩ በአንድ አልጋ ተኝተዋል። ኢስቤል ስትሞት ባሏ የመቃብር ቦታ አልነበረውም። ጄስ ያን ጊዜ «ኢስቤልን ለግንቡ አልሰጥም፤ የእኔ ቦታ ምን ይሠራል?» አለች። አለችና ወንዶቹ ሲወጡ እሷም እንደ ሌሎቹ ሴቶች ዳቦ ልትቆርጥ ቤት ቀረች። በ1951 ራሷም ሞታ ከላይዋ ተቀበረች። ኤፊ ከዳንዲ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው።

«ዶድ!» አልኩ፤ ድምፄ ሳላስበው ጨመረ። «ስድሳ ዓመት በር ለበር ኖራችሁ! እንዴት አንድ ቀን አልነገሯቸውም?»

«አልጠየቀችኝማ።»

«ባይጠይቁዎትስ?»

«ታውቃለች ብዬ ነዋ። የእናቷ መቃብር አይደለም እንዴ? እኔ ምን አግብቶኝ እነግራታለሁ?»

«በየዓመቱ ግንቡ ሥር አበባ ሲያስቀምጡ አላዩም?»

«አያለሁ እንጂ። ለድሆቹ መስሎኝ» አሉ ዶድ። «ደግ ሴት ናት፣ እል ነበር።»

ኤፊ ሴቶቹን በሙሉ ጠየቁ። እኔ ወረቀቱን በሙሉ ጠየቅኩ። ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆሙትን ወንዶች ግን የጠየቀ የለም፤ የቤተሰብ ነገር የሚጠየቀው ሴት ነው፣ ወንዱም ካልተጠየቀ አይናገርም። ከስምንቱ ሰባቱ ይኼን ይዘው አልፈዋል።

ከኮረብታው ወርጄ በቀጥታ ወደ ድሮ ቢሮዬ ሄድኩ። በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ ትልቁን መዝገብ አወጣችልኝ። ስሌተር፣ ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፣ ለሦስት ሰው። ሁለተኛው መስመር ላይ ጄስ ስሌተር፣ 1951 ይላል። ሦስተኛው ባዶ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከእኔ በፊት በነበረው ጠባቂ ጠማማ ጽሑፍ፣ 1943 ይልና ስም በሚጻፍበት ቦታ «ወዳጅ» የሚል አንድ ቃል ብቻ አለ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያንን መስመር አውቀዋለሁ። ዓይኔ ስንት ጊዜ አልፎበታል! ካዊ አይልም፣ ሜር አይልም፤ ስለዚህ አልፌው ሄጃለሁ። ማን ናት ይህቺ ወዳጅ ብዬ የቦታውን ባለቤት ለመጠየቅ መንገድ ተሻግሮ አንድ በር ማንኳኳት ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ኤፊ ሹራብ ይሠራሉ። «አንድ ነገር ልነግርዎት ነው፤ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«ተቀምጫለሁ እኮ። ዓይንህም ጠፋ?»

ቆሜ ነገርኳቸው። ዶድ ያሉትን ነገርኳቸው፤ የመዝገቡንም አልደበቅኩም። «ወዳጅ የሚለውን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ» አልኩ። «በእኔ ስንፍና ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ኤፊ ሹራቡን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሮና ልታቅፋቸው መጣች፤ በእጃቸው አገዷት።

«ስንት ዓመት ነው ሣሩን ያጨድከው?» አሉኝ።

«ሠላሳ አንድ።»

«የእሷንም?»

«በየሁለት ሳምንቱ።»

«እንግዲያው የሚያያት ሰው አላጣችም» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ድንገት ተለወጠና እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቁ አለቀሱ። ሰማንያ አንድ ዓመት የቆየ እንባ ነው። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ አላፍርም። ሲወጣላቸው አፍንጫቸውን ጠረጉና «መዝገብ አይዋሽም ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«መዝገቡማ አልዋሸም፤ እኔ ነኝ እንጂ...»

«አንተ እንደሆንክማ አውቃለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት አራታችን ሄድን፤ ዶድ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ኤፊ በሮና ክንድ። አበባው እንደ ሁልጊዜው አንድ እቅፍ ነው። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ከግንቡ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። ድንጋዩ ላይ የጄስ ስም፣ ከሥሩም ባሕር የቀሩት የዶድ አባት ስም አለ። ኤፊ በዚህ ድንጋይ አጠገብ ሠላሳ ጊዜ አልፈዋል።

ዶድ «አንሡኝ» አሉ። ደግፈን አቆምናቸው። በከዘራቸው ሣሩን እየነኩ «ራስጌዋ ይኼ ነው፤ አባትሽ አንደኛውን ይዞ እዚህ ቆሞ ነበር» አሉ። «ከጦሩ በፈቃድ የመጣው በመርከበኛ ልብሱ ነው። እኔ እዚህ፣ በግርጌዋ በኩል።»

ኤፊ የሮናን ክንድ ለቀው አባታቸው የቆሙበት ቦታ ላይ ቆሙ።

«እናቴ ከብዳችሁ ነበር?» አሉ።

«ኧረ አልከበደችም። ቀስ ብለን ነው ያወረድናት።» ዶድ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ገመዱን ልቀቁ ሲባል ሁሉም ለቀቀ። እኔ አለቀቅኩም። የምትወድቅ መሰለኝ። አባትሽ ዞሮ መጣና "ደርሳለች ልጄ፣ ልቀቅ" ብሎ ጣቴን አንድ በአንድ ፈታው።»

ኤፊ ተሻግረው ሄዱና ያንን የዶድን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አበባውን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ፣ ራስጌው ላይ አኖሩት። ሮናና እኔ ወደ ሌላ ወገን ተመለከትን።

«አርቺ» አሉ ኤፊ ቀና ሲሉ፤ «ሦስተኛው ቦታ የማን ነው?»

የፈራሁት ጥያቄ ነበር። «የዶድ ነው» አልኩ።

«እንዲያ ከሆነ ይቅር። አየኋት፣ ይበቃኛል። ሰውን ከእናቱ ጎን አላፈናቅልም» አሉ። ድምፃቸው ግን አልበቃኝም ይል ነበር፤ ሁላችንም ሰማነው።

ዶድ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። እንደ ልማዳቸው ቆዩ። የባሕሩ ነፋስ አበባዎቹን ወዲያና ወዲህ አላቸው።

«ሣጥን አንድ ብቻ ነው የሚገባው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አንድ ብቻ። አመድ ከሆነ ግን የፈለገውን ያህል ይገባል።»

«አመዱ እኔ እሆናለሁ» አሉ ዶድ። «ዕድሜዬን ሙሉ ባሕር ላይ ስንቀጠቀጥ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ልሙቅ።»

«አንተ ሰው!» ኤፊ ሳቃቸው መጣባቸው፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር። «ሳያገባት አብሯት ተቀበረ ቢሉስ?»

«ይበሉ። በዚህ ዕድሜዬ ስም ይውጣልኝ።»

«ከቀደምኩህ ሰባተኛው ገመድ ያንተ ነው።»

«እይዘዋለሁ።»

«አሁንስ ልቀቅ ሲሉህ ትለቃለህ?»

ዶድ ወደ እጃቸው አዩ። «እንጃ» አሉ።

ወደ በሩ ጉዞ ጀመርን። ወንበሩን ሮና ትገፋለች፤ ኤፊ ክንዴን ይዘዋል። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙና ግንቡን ዞረው አዩት፤ ሥሩ ሣር ብቻ ነው። ክንዴን ለቀው ወደ መቃብሩ ተመለሱና ካኖሩት አበባ ግማሹን ያህል ዘግነው አነሡ።

«እማማ፣ እናትዎ እኮ ተገኝተዋል» አልኳቸው።

«የእኔዋ ተገኘች። እነዚህንስ ማን ፈለጋቸው?» አሉኝ እየተቆጡ። «ሠላሳ ዓመት ለምደውኛል። ዛሬ ብቀርባቸው ምን ይሉኛል?»

አበባውን ከእጃቸው ተቀብዬ እየሰጠኋቸው ከግንቡ ጫፍ ጀመርን። ከመኪናው ወርጄ አብሬያቸው ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። አበባው አንሷልና በየስድስት እርምጃው አደረግነው። ከኋላችን ዶድ ለሮና ሲናገሩ ሰማኋቸው።

«አላልኩም ነበር?» አሏት። «ለድሆቹ ነው።»